እኩል የማይካፈለው ኩንታል ተኩል በቆሎ

ከጎተራ አንድ የደረቀ ራስ በቆሎ ያውጡ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከማንኩሳ እስከ ደንበጫ፣ ለዚህ የሚሆን በቆሎ የሚታጣበት ቤት ጥቂት ነው። ራሱን አቁመው ረድፎቹን ዙሪያውን ይቁጠሩ። 12 ወይም 14፣ አንዳንዴም 16 ይሆናሉ፤ ጎዶሎ ቁጥር ማግኘት ግን እጅግ ይከብዳል። የበቆሎ ረድፍ ከመነሻው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚበቅለው። እንግዲህ ረድፎቹ እኩል እኩል ፍሬ ይዘው በደንብ የሞላ ራስ ካገኙ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ አንድ ነገር በእርግጠኝነት መናገር ይችላሉ፦ ጠቅላላ ቁጥሩ በእኩል ረድፍ ሊደረደር ይችላል። ተፈጥሮ ራሷ ደርድራዋለችና።

አሁን ፈልፍለው 12 ፍሬ ይለዩ። በ3 ረድፍ አራት አራት አድርገው መደርደር ይችላሉ፤ በ2 ረድፍ ስድስት ስድስትም ይሆናል። አንድ ፍሬ ጨምረው 13 ያድርጉትና እንደገና ይሞክሩ። ከአንድ ረጅም መስመር በቀር ምንም መልክ አይዝም። እንዲህ ያለውን ቁጥር በአማርኛ የሒሳብ መጻሕፍት ብቸኛ ቁጥር ይሉታል፤ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ተማሪ ፕራይም ነምበር ይለዋል። ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም።

13ን በእጅ ደርድሮ መመርመር ቀላል ነው። ይህ ጽሑፍ በእጅ ሊደረደር የማይችል ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በደብተርና በካልኩሌተር ብቻ፣ የማንንም ቃል ሳይቀበሉ፣ እንዴት ራስዎ እንደሚያረጋግጡ ያሳያል። አንድ ምሽት ይበቃዎታል። የሚያስፈልግዎ እርሳስ፣ ደብተርና ቢያንስ 12 አሃዝ የሚያሳይ ካልኩሌተር ነው። የእጅ ስልክዎ ላይ ያለው ይሆናል፤ 8 አሃዝ ብቻ የምታሳየው ትንሿ የሱቅ ካልኩሌተር ግን ኋላ ላይ ታስቸግርዎታለች።

ቁጥሩን ማዘጋጀት

በመጀመሪያው ቀን 1 ፍሬ በቆሎ ያስቀምጡ። በሁለተኛው ቀን 2፣ በሦስተኛው 4፣ በአራተኛው 8፣ እንዲህ በየቀኑ እያጠፉ 19 ቀን ይቀጥሉ። በ19ኛው ቀን ብቻ የሚቀመጠው 262,144 ፍሬ ነው። የሁሉም ቀን ድምር 524,287 ይሆናል። ይህን በደብተር ያድርጉት፤ በበቆሎ አይሞክሩት። ሺህ ፍሬ 300 ግራም ይመዝናል ብንል ክምሩ 157 ኪሎ ግድም፣ ማለትም ኩንታል ተኩል ይሆናል። በሰከንድ አንድ ፍሬ እየቆጠሩ ሌሊቱንም ሳይተኙ ቢውሉ ከስድስት ቀን በላይ ይፈጃል።

ድምሩን በአጭሩ ለማግኘት በ20ኛው ቀን ሊቀመጥ የነበረውን 524,288 ይያዙና 1 ይቀንሱ። ይኸውም 2 ን 19 ጊዜ አባዝቶ አንድ መቀነስ ነው።

ይህ ክምር ለሁለት ቤተሰብም ሆነ ለሰባት፣ ለመቶም ሆነ ለሺህ ሰው አንድም ፍሬ ሳይተርፍ እኩል አይካፈልም። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። አንድ ፍሬ ቢጎድል 524,286 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ 2×3×3×3×7×19×73 ስለሆነ 64 አካፋዮች አሉት። አንድ ፍሬ ቢጨመር 524,288 ይሆንና 20 አካፋይ ያገኛል። በመካከላቸው ያለው ግን ከ1 እና ከራሱ በቀር ምንም የለውም። እስካሁን ግን ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ ከዚህ በታች ያለው እርስዎ እንዲያረጋግጡት ነው።

19ን ለምን መረጥኩ?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቹ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብም ይቆጠራል። 19ን የወሰድኩት ከዚያ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሥራ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ዘመኑን 2018 ብለን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህን በ19 ሲገድፉት 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይቀራል። አንዱን ትተው ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ቀጥለው የመስከረም 18ን ዕለት ያያሉ፤ እሁድ ነው፤ የእሁድ ተውሳክ 7 ሲደመር 25 ይሆናል። ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ይውላል።

እዚህ ላይ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው፦ መግደፍ። ትልቁን ቁጥር በአንድ ቁጥር ደጋግሞ ጥሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሁሉ መግደፍ ነው። ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ዓመትም 4×7×19 ነው፤ ሦስቱ ቁጥሮች የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ዘመነ ወንጌላዊው፣ ዕለቱና ጨረቃው 532 ዓመት ሳይሞላ ሦስቱም አብረው ወደ መነሻቸው አይመለሱም። 7 እና 19 ብቸኛ መሆናቸው ለቀመሩ ሥራ ሠርቷል።

የመጀመሪያው ወንፊት፦ የት ድረስ ልፈትሽ?

524,287 አካፋይ ካለው ከአካፋዩ ጋር የሚባዛ ጓደኛም ይኖረዋል። ከሁለቱ አንዱ የግድ ትንሽ ነው። 724 በራሱ ሲባዛ 524,176፣ 725 በራሱ ሲባዛ 525,625 ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ የግድ ከ724 አይበልጥም፤ እስከ 724 ድረስ ያሉትን ብቻ መፈተሽ ይበቃል። ከእነሱም ውስጥ ብቸኛ የሆኑትን ብቻ፤ በ2 ያልተካፈለ በ4 አይካፈልምና።

እስከ 724 ድረስ 128 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። 128 ጊዜ ማካፈል አሰልቺ ይሁን እንጂ የሚቻል ነው። ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ በ1588 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በእኛ አገር አፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት ዘመን፣ ይህንኑ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን በዚህ መንገድ አረጋግጧል። ካልኩሌተር አልነበረውም። እኛ ግን የተሻለ መንገድ አለን።

ሁለተኛው ወንፊት፦ የዙር ሕግ

ይህ የጽሑፉ ልብ ነው፤ ቀስ ብለው ያንብቡት። ባዶ ገጽ ይግለጡ። ከ19 በፊት በትንሽ ምሳሌ እንልመደው።

እጥፉን 11 ቀን ብቻ ብናደርገው ድምሩ 2,047 ይሆናል። 11 ብቸኛ ነው፤ 2,047 ግን አይደለም፤ 23×89 ነው። ይህንንም ያስታውሱ፤ የቀኑ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ ክምሩን ብቸኛ አያደርገውም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን በገጹ ላይ 1 ይጻፉ። ያጥፉት፤ 2። እንደገና ያጥፉ፤ 4፣ 8፣ 16። ቀጥሎ 32 ይመጣል፤ ከ23 ስለበለጠ ይግደፉት፤ 9። እንዲሁ ሲቀጥሉ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12 ይወጣሉ። 12 ሲታጠፍ 24፣ ሲገደፍ 1። ወደ ተነሱበት ተመለሱ። በዙሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች 11 ናቸው። ያልተነካ ቁጥር ይምረጡ፤ 5 ይሁን። 5፣ 10፣ 20፣ 17፣ 11፣ 22፣ 21፣ 19፣ 15፣ 7፣ 14፤ ከዚያ ተመልሶ 5። እነዚህም 11 ናቸው። ከ1 እስከ 22 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ሁለት እኩል ዙር ሆነው አለቁ።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ማንኛውንም ቁጥር 11 ጊዜ ማጠፍ በ2,048 ማባዛት ነው። 23 ለ2,047 አካፋይ ስለሆነ 2,048 በ23 ሲገደፍ 1 ይቀራል። በ1 ማባዛት ደግሞ ቁጥሩን አይለውጠውም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ11 እጥፍ በኋላ ወደ ራሱ መመለስ አለበት። ቀደም ብሎ ሊመለስ ይችላልን? ቢመለስ የዙሩ ርዝመት 11ን እኩል ማካፈል አለበት፤ 11 ግን ብቸኛ ነው፤ ርዝመቱ ወይ 1 ነው ወይ 11። ርዝመቱ 1 የሚሆነው ቁጥሩ ከእጥፉ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ይህ ለ0 እንጂ ለሌላ አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ልክ 11 ቁጥር ይይዛል፤ 22ም የ11 ብዜት መሆኑ የግድ ነው።

ይህንኑ ወደ 19 ያምጡት። አንድ ብቸኛ ቁጥር ለ524,287 አካፋይ ቢሆን፣ ከእሱ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ባለ 19 ዙር ሆነው ይከፋፈላሉ። ስለዚህ አካፋዩ ላይ 1 ቢቀነስ የ19 ብዜት ይሆናል። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ (524,287 ራሱ ጎዶሎ ነው) 1 ሲቀነስ በ2ም ይካፈላል። ሁለቱ ሲጣመሩ የ38 ብዜት ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ መፈለግ ያለብን ከ38 ብዜት በ1 የሚበልጡትን ብቻ ነው። ይህን ሕግ ያገኘው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው፤ በ1640፣ አፄ ፋሲል በነገሡበት ዘመን። ከካታልዲ 52 ዓመት በኋላ መሆኑ ያሳዝናል፤ ያን ሁሉ ድካም ያድነው ነበር።

አሁን ይዘርዝሯቸው። እስከ 724 ድረስ 19 ብቻ ናቸው፦ 39፣ 77፣ 115፣ 153፣ 191፣ 229፣ 267፣ 305፣ 343፣ 381፣ 419፣ 457፣ 495፣ 533፣ 571፣ 609፣ 647፣ 685፣ 723። ከነዚህ በ3 የሚካፈሉትን ይሰርዙ፤ ሰባት ይወጣሉ። 115፣ 305 እና 685 በ5 ይወድቃሉ። 77 እና 343 በ7፤ 533 በ13። የቀሩት ስድስት ናቸው፦ 191፣ 229፣ 419፣ 457፣ 571፣ 647።

ከ128 ወደ 6 ወረድን። ያካፍሏቸው፤ ቀሪዎቹ እንዲህ ካልወጡልዎ የሆነ ቦታ ተሳስተዋል፦

በ191 ሲገደፍ 183 ይቀራል።
በ229፣ 106።
በ419፣ 118።
በ457፣ 108።
በ571፣ 109።
በ647፣ 217።

አንዱም ዜሮ አልሆነም። 524,287 ብቸኛ ቁጥር ነው። ማስረጃው ሙሉ ለሙሉ በእርስዎ ደብተር ውስጥ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ የተሠራው ማስረጃ ፓሪስ ላይ ከተሠራው አንድ ነጥብ አያንስም።

ከ4 የሚነሳው መንገድ

የዙር ሕግ ኃይለኛ ቢሆንም ቁጥሩ በጣም ሲተልቅ ይደክማል። ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር 2 ን 31 ጊዜ አባዝቶ 1 የቀነሰውን 2,147,483,647ን ብቸኛ መሆኑን በ1772 ሲያረጋግጥ ከፌርማ ሕግ ጋር ሌላ ወንፊት ጨምሮ ማካፈሉን ከ400 በታች አወረደው። ለ39 አሃዝ ግን ይህም አይበቃም። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ በ1876፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን፣ አካፋይ ሳይፈልግ የሚመረምር መንገድ አወጣ፤ በዚያም አንድ ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር አሳጠረው። መንገዱ የሚሠራው እንደኛው ክምር 2 ን ደጋግሞ አባዝቶ 1 በመቀነስ ለተገኙ ቁጥሮች ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ከ4 ይነሱ። በራሱ ያባዙት፤ 2 ይቀንሱ፤ በ524,287 ይግደፉት። የቀረውን ይዘው ይህንኑ ይድገሙ። የድግግሞሹ ቁጥር ከ19 ላይ 2 ተቀንሶ 17 ነው። በ17ኛው ላይ ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልመጣ አይደለም። ለምን እንደሚሠራ ማሳየት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስለሚጠይቅ እዚህ አልገባበትም፤ ግን ስድስቱን ማካፈል አስቀድመው ስለሠሩ መልሱን ያውቁታል፤ መንገዱን ራሱን መፈተን ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች መግደፍ አይፈልጉም፦ 14፣ 194፣ 37,634። አራተኛው ላይ እንዲህ ያድርጉ። 37,634 በራሱ ሲባዛ 1,416,317,956፤ 2 ሲቀነስ 1,416,317,954። ይህን በ524,287 ያካፍሉ፤ ካልኩሌተሩ 2701.417 ምናምን ይላል። ከነጥቡ በስተግራ ያለውን 2701 ብቻ ይያዙ፤ በ524,287 ያባዙት፤ 1,416,099,187። ከላይኛው ላይ ሲቀንሱት 218,767 ይቀራል። አራተኛው መልስ ይህ ነው።

ሁለት ምክር ልስጥ። አንደኛ፣ የቀረው ቁጥር ከግማሽ በላይ ሲሆን እስከ 524,287 የጎደለውን ይያዙ። አምስተኛው መልስ 510,066 ነው፤ የጎደለው 14,221 ብቻ ነው። ሁለቱ በራሳቸው ተባዝተው ሲገደፉ አንድ ቀሪ ይሰጣሉ፤ ትንሹን ማባዛት ደግሞ ለካልኩሌተሩም ለዓይንም ይቀላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ብዜት በ9 ይፈትሹ። የ37,634 አሃዞች ሲደመሩ 23፣ እንደገና 5 ይሆናሉ፤ 5 በራሱ 25፣ ማለትም 7። የ1,416,317,956 አሃዞች 43፣ እንደገና 7። ተስማምተዋል።

እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ዘጠነኛው ላይ 504,140ን 504,410 ብዬ ገለበጥኩትና መጨረሻ ላይ ዜሮ አጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ መንገዱን ስጠራጠር አደርኩ፤ ጥፋቱ የእርሳሴ ነበር። የአሃዝ መገለባበጥን የ9 ፍተሻ አይዘውም፤ ድምሩ አይለወጥምና። ስለዚህ መልሶቹን በሙሉ እነሆ፤ በየእርምጃው ያስተያዩ። ከአራተኛው ጀምሮ፦ 218,767፣ 510,066፣ 386,344፣ 323,156፣ 218,526፣ 504,140፣ 103,469፣ 417,706፣ 307,417፣ 382,989፣ 275,842፣ 85,226፣ 523,263፣ እና 17ኛው 0።

16ኛውን ልብ ይበሉ። 523,263 እስከ 524,287 የሚጎድለው 1,024 ነው። 1,024 በራሱ ሲባዛ 1,048,576፤ 2 ሲቀነስ 1,048,574፤ ይህም የ524,287 እጥፍ ነው። ዜሮው ሲመጣ ካልኩሌተር አያስፈልግዎትም፤ በዓይን ይታያል።

ይኸው መንገድ በትልቁ ላይ

ጥቅምት 2 ቀን 2017፣ በፈረንጆች ኦክቶበር 12 ቀን 2024፣ በአሜሪካ ሳን አንቶንዮ ከተማ ያለ አንድ የኤንቪዲያ ማቀነባበሪያ ከ4 ተነሳ፤ በራሱ አባዛ፤ 2 ቀነሰ፤ ገደፈ። ይህን 136,279,839 ጊዜ ደገመው። ዜሮ መጣ። እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ የሚበልጠው ብቸኛ ቁጥር በዚህ ተረጋገጠ፦ 2 ን 136,279,841 ጊዜ አባዝቶ 1 መቀነስ። አሃዞቹ 41,024,320 ናቸው። በአንድ ገጽ ሺህ አሃዝ ቢጽፉ 41,025 ገጽ ይወስዳል። አስቀድሞ በዋዜማው በአየርላንድ ደብሊን ያለ ማሽን ብቸኛ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ያገኘው ሉክ ዱራንት የሚባል አሜሪካዊ ነው። እርስዎ በደብተር ከሠሩት ጋር ያለው ልዩነት የርዝመት ብቻ ነው። የተገኘበት ዓመትም፣ በእኛ አቆጣጠር 2017፣ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ እስከ 43 ባሉት 14 ብቸኛ ቁጥሮች አካፍለው ያረጋግጡ።

ዱራንት የሠራው ጂምፕስ ከሚባለውና ጆርጅ ዎልትማን በፈረንጆች 1996 ከመሠረተው የበጎ ፈቃደኞች ፍለጋ ጋር ነው። ማንም ሰው ኮምፒውተሩን ሊያሰልፍ ይችላል። ፕራይም95 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ያውርዱ፤ ሲከፍቱት አንድ ቁጥር ይመድብልዎታል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሥራ ሲቀበሉና ውጤት ሲያስረክቡ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይጠፋም፤ በየተወሰነ ደቂቃ የደረሰበትን ስለሚያስቀምጥ ከዚያው ይቀጥላል። ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይወቁት፦ ተራ ላፕቶፕ አንዱን ቁጥር ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ይሞቃል፤ የመብራት ሒሳብም ይጨምራል። የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈቃድ አይጫኑት።

ስልክዎ ውስጥ ያለው ዙር

ቅድም የጻፉትን የ23 ዙር ይመልሱት፤ ቴሌግራም ሚስጥራዊ ውይይት ሲከፍት የጋራ ቁልፍ ለማበጀት የሚያደርገውን በእሱ ላይ መሥራት ይቻላል። እርስዎ ፍኖተ ሰላም፣ እህትዎ ቡሬ ናችሁ እንበል። እርስዎ በልብዎ 7 ይያዙ፤ እሷ 3 ትያዝ። ከ1 ተነስተው ዙሩ ላይ 7 እጥፍ ይሂዱ፤ 13 ላይ ይደርሳሉ። 13ን ይላኩላት። እሷ 3 እጥፍ ሄዳ 8 ላይ ትደርሳለች፤ 8ን ትልክልዎታለች። አሁን እርስዎ 8ን 7 ጊዜ አባዝተው በ23 ይግደፉ፤ 12 ይመጣል። እሷም 13ን 3 ጊዜ አባዝታ፣ 2,197ን በ23 ስትገድፍ፣ 12 ታገኛለች። 12 የሁለታችሁ ቁልፍ ነው፤ ራሱ ስላልተላከ በመካከል ሆኖ የሚሰልል ሰው የሚያየው 8ን እና 13ን ብቻ ነው።

በ11 ቁጥር ዙር ላይ ሰላዩ በጣቱ ቆጥሮ ይደርስበታል። ቴሌግራም ግን በ23 ፈንታ 617 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይጠቀማል፤ 1 ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈልም ልክ እንደ 23 እና 11 ብቸኛ እንዲሆን ይጠየቃል። እንዲህ ባለ ዙር ላይ ወደፊት መሄድ ለስልክዎ ቅጽበት ነው፤ ስንት እርምጃ እንደተሄደ ወደኋላ ቆጥሮ ለማግኘት ግን ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች የሚያደርስ መንገድ አይታወቅም። ዋትስአፕ በበኩሉ 2 ን 255 ጊዜ አባዝቶ 19 በመቀነስ በሚገኘው ባለ 77 አሃዝ ብቸኛ ቁጥር ላይ ይሠራል። 19 እዚያ የገባው ከቀመራችን ጋር ተያይዞ አይደለም፤ ከዚያ ክምር ላይ ተቀንሶ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጠው ትንሹ ቁጥር 19 ስለሆነ ነው።

ቀጣዩን ለእርስዎ ልተው። ከ19 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር 23 ነው። እጥፉን 23 ቀን ቢያደርጉት ክምሩ 8,388,607 ፍሬ፣ ወደ 25 ኩንታል ግድም ይሆናል። የዙር ሕግን ይጠቀሙ፤ እጩዎቹ ከ46 ብዜት በ1 የሚበልጡት ናቸው። የመጀመሪያዋ እጩ 47 ናት። ካልኩሌተሩን ይክፈቱና ያካፍሉ፤ ለ47 ቤተሰብ ለእያንዳንዱ 178,481 ፍሬ፣ ግማሽ ኩንታል ገደማ፣ አንድም ሳይተርፍ ይደርሳል።